የጄምስ ቦንድ ፊልም ስለ ምን አላረጀም?

የእንግሊዙ ሰላይ የጄምስ ቦንድ ታሪክ በሲኒማ መታየት ከጀመረ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጀመሪያው ፊልም «ዶክተር ኖ» ለንደን ላይ የተመረቀው ኦክቶበር 5 ቀን 1962 ነበር፤ ሃያ አምስተኛው «ኖ ታይም ቱ ዳይ» የወጣው ደግሞ በ2021 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በዚህ ሁሉ ዘመን ስድስት ተዋንያን እየተተካኩ የአንዱን ሰው ስም ይዘዋል። አያት በወጣትነታቸው ያዩትን ጀግና የልጅ ልጃቸውም አይቶታል ማለት ነው። የፊልም ታሪክ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ሲወጣለት መሰልቸት ይጀምራል፤ ይህኛው ስለ ምን እንዳልተሰለቸ መመርመር ለተማሪ የማይረባ ጥያቄ አይመስለኝም።

ቶሎ የሚመጣው መልስ «ሽጉጥ፣ ፈጣን መኪናና ቆንጆ ሴት ካለ ሕዝብ ይመጣል» የሚለው ነው። ነገር ግን ይህ መልስ አያጠግብም። በ1960ዎቹ ዓመታት የቦንድን ገበያ ያዩ ሌሎች ኩባንያዎች እነዚህኑ ሦስቱን አሟልተው የሰላይ ፊልም ሠርተዋል። ዲን ማርቲን የተጫወተው የማት ሄልም ታሪክ አራት ፊልም ደርሶ ቆመ፤ ጄምስ ኮበርን የተጫወተው የፍሊንት ታሪክም ከሁለት አላለፈም። እንግዲህ ምክንያቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

ታሪኩን የፈጠረው ኢያን ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የስለላ ክፍል የአለቃው ረዳት ሆኖ ሠርቷል። የመጀመሪያውን መጽሐፍ «ካሲኖ ሮያል»ን በ1952 ጃማይካ ደሴት ባለው ቤቱ ሆኖ ጻፈና በ1953 አሳተመ። የጀግናውንም ስም የወሰደው ስለ ካሪቢያን ወፎች መጽሐፍ ከጻፈ አንድ ሊቅ ነው፤ ተራና ድምቀት የሌለው ስም ፈልጎ ነበርና። ይህ ተራ ስም ዛሬ ከብዙ ነገሥታት ስም ይልቅ የታወቀ ሆነ። መቼም እውነተኛ ሰላይ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ስሙን ደጋግሞ አይናገርም፤ ቦንድ ግን ይናገራል፤ ተመልካቹም ይደሰታል እንጂ «ሰላይ ሆኖ እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም።

የማይጠይቅበት ምክንያት ቃሉን አስቀድሞ ሲጠብቀው ስለ ነበረ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል የሚመልሰውን የሚያውቅ ሕፃን ታሪኩን ዐሥር ጊዜ ሰምቶት እንኳ አይሰለችም፤ እንዲያውም ተራኪው አንድ ነገር የዘለለ እንደ ሆነ ይቈጣል። የቦንድ ፊልም ተመልካችም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ በሽጉጥ አፈ ሙዝ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሰው ሲራመድ ይታያል፤ ዞሮ ወደ እኛ ይተኩሳል፤ ደሙም ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ያዘጋጀው ሞሪስ ባይንደር የተባለ ሰው ነው። (በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች የሚታየው ሰው ዋናው ተዋናይ ሳይሆን ቦብ ሲመንስ የሚባል፣ በተዋናዩ ፈንታ አደገኛውን ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር።) ከዚህም ጋር ሞንቲ ኖርማን የደረሰው፣ ጆን ባሪ ለኦርኬስትራ ያቀናበረው ዜማ ይሰማል። ከ1963 ወዲህ ደግሞ ስሞቹ ከመነበባቸው በፊት አንድ አጭር የጭንቅ ታሪክ ይቀድማል። ከዚያም አለቃው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ኪው የተባለው የመሣሪያ ሊቅ ልዩ ልዩ የተሰወረ መሣሪያ እያሳየ «ዕቃዬን አታበላሽ» እያለ ይነጫነጫል። ዴስመንድ ሉዌሊን ይህን ሰው ሆኖ ከ1963 እስከ 1999 በዐሥራ ሰባት ፊልሞች ተጫውቷል። ተዋናዩ በተለወጠ ጊዜ ሕዝቡ አዲሱን ቦንድ አንዳንድ ጊዜ የተቀበለው በከፊል ሽማግሌው ኪው እንደ ቀድሞው ስለ ተቈጣው ይመስለኛል።

ሥርዐቱ እንዲህ የጸና ሲሆን ጠላቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸናም። የፊልሙ ሠሪዎች ብልኀት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ነው። በፍሌሚንግ መጽሐፍ ውስጥ «ፍሮም ራሺያ ዊዝ ላቭ» የሚለው ታሪክ የእንግሊዝና የሶቪየት ሰላዮች ትግል ነው። በ1963 ወደ ፊልም ሲገለበጥ ግን ጠላቱ ሁለቱን መንግሥታት እያጋጨ የሚያተርፍ ስፔክተር የተባለ የወንበዴዎች ማኅበር ሆነ። በዚህም ምክንያት የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ ፊልሙ አብሮ አልሞተም። በ1964 «ጎልድፊንገር» ሲሠራም እንዲሁ ነው፤ በመጽሐፉ ወንጀለኛው የአሜሪካንን ወርቅ ሊሰርቅ ያስባል፤ በፊልሙ ግን ያ ሁሉ ወርቅ በአጭር ጊዜ ተጭኖ እንደማያልቅ ቦንድ ራሱ ያስረዳል። የወንጀለኛውም እውነተኛ ዐሳብ ወርቁን በአቶም ቦምብ መርዞ የራሱን ወርቅ ዋጋ ማስወደድ ሆኖ ይገኛል። የምጣኔ ሀብት ትምህርት ለሚማር ሰው ይህ ከመጽሐፉ የበለጠ የረቀቀ ተንኰል ነው።

ከዚያ ወዲህ ጠላቱ የየዘመኑን ሥጋት ይከተላል። በ1989 የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴ ነበር፤ በ1997 ጋዜጣና ቴሌቪዥን ለመሸጥ ሲል እንግሊዝንና ቻይናን ሊያዋጋ የሚሞክር ባለጠጋ ሆነ፤ በ2008 የቦሊቪያን ውሃ በእጁ ሊያደርግ የሚያሤር ነጋዴ ሆነ። እነዚህን ፊልሞች በተራ ያየ ሰው በየዘመኑ ሕዝብ ምን ይፈራ እንደ ነበር ለማወቅ ይችላል።

ይሁንና የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት ሁልጊዜ አልተሳካም። በ1969 ሾን ኮነሪን የተካው አውስትራሊያዊው ጆርጅ ላዘንቢ ከአንድ ፊልም በኋላ ሥራውን ተወ። ኮነሪን በ1971 ለመመለስ 1,250,000 ዶላር መክፈል ግድ ሆነ። ኮነሪም ይህን ገንዘብ የስኮትላንድን ወጣቶች ትምህርት ለሚረዳ ድርጅት ማቋቋሚያ ሰጠው፤ ይህንስ ለማናችንም ማስታወስ ደስ ያሰኛል። በ2002 ደግሞ ቦንድ ለዓይን የማይታይ መኪና እስከ መንዳት ደረሰና ነገሩ ቅጥ አጣ። ሠሪዎቹ ያን ጊዜ ወደ ፍሌሚንግ የመጀመሪያ መጽሐፍ ተመልሰው በ2006 «ካሲኖ ሮያል»ን ሠሩ። ዳንኤል ክሬግ በተመረጠ ጊዜ ጠጕሩ ብጫ ነው ብለው የተቃወሙ ብዙ ነበሩ፤ ፊልሙ ሲወጣ ግን ዝም አሉ።

ወላጆች ስለዚህ ፊልም የሚያነሡት ቅሬታ ደግሞ አለ፤ ቅሬታውም ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞዎቹ ፊልሞች ሴቲቱ ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ተቈጥራለች። ዶክተር ኖ የቻይናና የጀርመን ተወላጅ ነው እየተባለ የተጫወተው ግን ካናዳ የተወለደው ነጩ ተዋናይ ጆሴፍ ዋይዝማን ነበር። ክፉ ሰው ሁሉ ከሩቅ አገር የሚመጣ ማስመሰል ለወጣት አእምሮ አይጠቅምም። በ1995 ጁዲ ዴንች የቦንድ አለቃ ሆና ስትቀርብ፣ ቦንድ የአለፈ ዘመን ቅርስ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረችው። ፊልሙ ራሱን እንዲህ መውቀሱ መልካም ነው፤ የቀድሞውን ግን አይሽረውም። ሊታይ የሚገባውም ይህን እያወቁ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ከ1962 ጀምሮ ምን እንደሚለወጥና ምን እንደሚጸና ሲወስን የኖረው በተለይ የአልበርት ብሮኮሊ ቤተ ሰብ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ግን ልጁ ባርባራና የእንጀራ ልጁ ማይክል ዊልሰን ይህን ሥልጣን ለአማዞን ኩባንያ እንደሚለቁ ተነገረ። ቤተ ሰቡ የሠራው የመጨረሻው ፊልም በ2021 የወጣው ሲሆን፣ በዚያ ፊልም ፍጻሜ ላይ ከዚያ በፊት ከቶ ያልተደረገ ነገር ሆነ፤ ቦንድ ሞተ። ተመልካቹ አዝኖ ከወንበሩ ሲነሣ፣ የሠሩት ሰዎች ስም ሁሉ ተነብቦ ሲያልቅ፣ አንድ መስመር በሸራው ላይ ወጣ፤ ጄምስ ቦንድ እንደሚመለስ የሚናገር ነበር።