ሦስተኛው ምጣድ

«በተከራየሁት ቤት በሁለት ምጣድ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሦስተኛ ምጣድ ልጨምር ስል አንዱ ደንበኛ የሦስት ወር ሂሳብ ያዘብኝ። ‹በጽሑፍ ስላልተዋዋልሽ መክሰስ አትችይም› ይሉኛል። እውነት ነው?»

አይደለም። ወሬው ከብድር ጋር ተምታቶ የመጣ ይመስለኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር የበለጠ የገንዘብ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። እርስዎ ግን እንጀራ ሸጡ እንጂ ገንዘብ አላበደሩም። እንዲህ ያለ ሽያጭ በቃልም ይጸናል። ጭንቁ ያለው ስንት እንጀራ እንደገባ ማስረዳቱ ላይ ነው። እርስዎ ብቻ የሞሉት ደብተር ብዙም አያስኬድም፤ ተረካቢው በየጠዋቱ «60 እንጀራ ተረክቤያለሁ» ብሎ የፈረመበት ግን ሌላ ነገር ነው። እንጀራውን ያደረሰው ልጅ ይመሰክራል። በቴሌብር የገባልዎት ቀብድም ካለ አይጥፋ። ከክሱ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ ቅጂው ላይ ያስፈርሙ።

ታዲያ ምግብ ቤቱ መጀመሪያ የሚያነሳብዎት ደብተሩን ሳይሆን «ፈቃድ የላትም» የሚለውን ነው። ዛቻው ባዶ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የጸና ንግድ ፈቃድ ሳይኖር መነገድ ከገንዘብ መቀጮ አልፎ ያሳስራል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይዘው ወረዳዎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሂዱ።

እዚያ የሥራ ቦታ አድራሻ ሲጠየቁ የአከራይዎ ጉዳይ ይመጣል። አዲስ አበባ ከሆኑ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ ከለላው ግን ለመኖሪያ ነው። መጋገሩን መፍቀዳቸውን በጽሑፍ ያስፍሩልዎ። በጋራ ቆጣሪ ሦስት ምጣድ ከተሰካማ ጠቡ ከሕጉ ይቀድማል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር። ሊጥ የምታቦካልዎት የቤት ሠራተኛ አለች? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማይመለከተው ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ነው። ለቤተሰቡ ስትጋግር ከአዋጁ ውጪ ነች፤ ለምግብ ቤት ስትጋግር ግን ትርፍ አለበት። ነገ ብትከስዎት ጠበቃዋ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ብሎ ይቆጥራል፤ እኔም ብሆን እቆጥር ነበር። ሦስተኛው ምጣድ ከመገዛቱ በፊት ደመወዟንና ሰዓቷን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።