የተሻረው ረድፍ ተሽሮ እንዲቀር

የራስዎን የፕሮሰሰር ኢሙሌተር ጽፈው ሊኑክስን ማስነሳት ላይ ከደረሱ፣ የአድራሻ ትርጉም ምን ያህል እንደሚያንቀራፍፍ አይተውታል። በሪስክ ፋይቭ የኤስቪ39 አሠራር ምናባዊ አድራሻን ወደ አካላዊ አድራሻ ለመለወጥ ባለ ሦስት ደረጃ የገጽ ሰንጠረዥ መውረድ ያስፈልጋል። አንዲት ባይት ለማንበብ እስከ ሦስት ተጨማሪ ንባብ ማለት ነው። ስለዚህ አንዴ የተገኘውን ትርጉም ቲኤልቢ በሚባለው ካሽ እናስቀምጠዋለን። ማስቀመጡ አይከብድም፤ ጣጣው መሻሩ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ 256 ረድፍ ይበቃል። እያንዳንዱ ረድፍ ባለ 8 ባይት አራት ቁጥሮች ይያዝ፦ ለንባብ፣ ለጽሕፈትና ለትእዛዝ ማምጫ አንዳንድ የገጽ መለያ፣ አራተኛው ደግሞ ከምናባዊው አድራሻ ጋር ሲደመር በኮምፒውተርዎ ሜሞሪ ያለውን ቦታ የሚሰጥ ልዩነት። ጠቅላላው 8 ኪሎባይት ነው። ገጹ 4096 ባይት ስለሆነ የአድራሻውን የታች 12 ቢቶች ይተዉና ቀጣዮቹን 8 ቢቶች የረድፍ ቁጥር ያድርጓቸው።

አሁን ወደ መሻሩ። «ይሠራል፣ አይሠራም» የሚል የተለየ ምልክት መጨመር ያምራል፤ ግን በእያንዳንዱ ንባብ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ ያስከፍላል። ትክክለኛ የገጽ መለያ የታች 12 ቢቶቹ ምንጊዜም 0 ናቸው። ስለዚህ ሲሽሩ 64ቱንም ቢቶች 1 ያድርጓቸው፤ ያ ቁጥር ከየትኛውም ገጽ ጋር ሊገጥም አይችልም። ኪውኤሙ የተባለው ኢሙሌተርም ካሹን ሲያጸዳ የሚሞላው በዚሁ ነው።

እኔ መጀመሪያ በዜሮ ነበር የሞላሁት፤ ዋጋውን በሁለት ሌሊት ከፈልኩ። 255ቱ ረድፎች ምንም አላሉም፤ 0 ቁጥር ገጽ የሚፈለገው በ0ኛው ረድፍ ብቻ ስለሆነ በሌሎቹ ዜሮ መለያ የሚገጥመው የለም። በ0ኛው ረድፍ ግን ይገጥማል። በኢሙሌተሩ ውስጥ የሚሮጠው እንግዳ ፕሮግራም በስህተት አድራሻ 0ን ሲነካ የገጽ ስህተት ደርሶት መሞት የነበረበት እሱ ነው፤ የሞተው ግን ኢሙሌተሬ ራሱ ሆነ። ያውም አልፎ አልፎ፤ ካሹ በጸዳ ማግስት ያ ረድፍ በሌላ ገጽ ከተያዘ ስህተቱ ይደበቃላ!

ሲሞሉ ቁጥብ ይሁኑ። ትርጉሙ ካልተሳካ ምንም አያስቀምጡ። የገጹ የዲ ቢት ገና 0 ከሆነ የንባብ መለያውን ብቻ ይሙሉ፤ የጽሕፈቱ እንደተሻረ ይቆይ። የመጀመሪያው ጽሕፈት በዝግታው መንገድ ያልፍና ቢቱን ያበራል፤ ከዚያ ይሞላል። የመሣሪያ አድራሻዎችን ጭራሽ አያስገቡ።

እንግዳው ኤስፌንስ ቪኤምኤ የሚለውን ትእዛዝ ያለ አድራሻ ከጠራ ሁሉንም ይሻሩ፤ በአድራሻ ከጠራ የዚያን ገጽ ረድፍ። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ባለ 2 ሜጋባይት ትልቅ ገጽን በ4096 ባይት ቆራርጠው አስገብተው ከሆነ፣ የአንዱን አድራሻ መሻር ሌሎቹን ቁራጮች ሳይነካ ይቀራል። ትልቅ ገጽ መግባቱን መዝግበው ያኔ ሁሉንም መሻር ይሻላል። ካሽዎ የአድራሻ ክልል መለያ ካልያዘ የኤስኤቲፒ ሬጅስተር በተቀየረ ቁጥርም እንዲሁ ያድርጉ። ለተጠቃሚውና ለከርነሉ ደግሞ ለየብቻ የካሽ ሰንጠረዥ ይስጧቸው።

ፈተናው አጭር ነው። አንድ ገጽ ያንብቡ፣ የገጹን የቪ ቢት 0 አድርገው ኤስፌንስ ቪኤምኤ ይጥሩ፣ መልሰው ያንብቡ፤ ቁጥር 13 ስህተት መምጣት አለበት። ወዲያው አድራሻ 0ን ያንብቡ፤ እሱም 13 መስጠት አለበት።

ካሹን ጨርሶ የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያም በኮድዎ ውስጥ ይተዉ። ሲዘጉት ስህተቱ ከጠፋ፣ የሆነ ቦታ መሻር ረስተዋል።