ቅማል፦ በልብስ ስፌት ውስጥ የተደበቀው አደጋ



አደገኛ ነፍሳት ሲነሱ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ጊንጥና ወደ ሸረሪት ይሄዳል። ድንጋይ ስናነሳ እንጠነቀቃለን፤ ጫማችንን አራግፈን እናደርጋለን። ከመተኛት በፊት መኝታን ማራገፍም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን አደብ ነው። ጊንጥ ሲያራግፉት ይወድቃል። ቅማል ግን በስፌት ውስጥ ተጣብቆ ስለሚቀመጥ አይወድቅም። በእኛ ደጋ አገር ደግሞ ከጊንጥ ይልቅ ልንፈራው የሚገባው እሱን ነው።

ከላሊበላ ከተማ እስከ ነአኩቶ ለአብ ያለው አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በክረምት ቤተሰቡ ተጠጋግቶ ይተኛል፤ አንድ ጋቢ ለሁለትና ለሦስት ሰው ይዘረጋል። ማገዶና ውኃ በቸገረበት ቤት ልብስ ሳይታጠብ ይሰነብታል። ቅማል የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ቅማል ሁሉ አንድ አይደለም

የራስ ቅማል በጸጉር ውስጥ ይኖራል። ያሳክካል፣ ያስጨንቃል፤ ዛሬ የምንነጋገርበትን በሽታ በዋናነት የሚያዛምተው ግን እሱ ሳይሆን የልብስ ቅማል ነው። የልብስ ቅማል መኖሪያው ገላችን አይደለም። ደም ሊመጥ በቀን ጥቂት ጊዜ ወደ ገላ ይወጣና ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ቅጫሙንም የሚጥለው በብብት፣ በአንገትጌና በወገብ ስፌት ላይ ነው። ሰውየው ገላውን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ ከለበሰ ቅማሉ አልለቀቀውም ማለት ነው።

ይህን በሚገባ ያሳየው በቱኒስ ከተማ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው። የተስቦ ሕሙማን ሆስፒታል በር ላይ እስኪደርሱ ድረስ በሽታውን ለሌላ ሰው ያስተላልፉ ነበር፤ ልብሳቸውን የሚቀበሉና የሚያጥቡ ሠራተኞችም ይታመሙ ነበር። ሕሙማኑ ገላቸውን ታጥበውና ልብሳቸው ተወስዶ አልጋ ከያዙ በኋላ ግን ማንንም አያሲዙም። ስለዚህ ነገሩ ከልብሱ ጋር ነው ብሎ አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ። በ1928ም የኖቤል ሽልማት አገኘበት። (ይህ ተስቦ በተለምዶ «የአንጀት ተስቦ» ከምንለው ታይፎይድ የተለየ ነው። ያኛው የሚመጣው በተበከለ ውኃና ምግብ ነው።)

የሚያገረሽ ትኩሳት

ቅማል ከሚያመጣቸው በሽታዎች ለእኛ አገር ይበልጥ የሚያሳስበው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። በአብዛኛው ዓለም የጠፋ በሽታ ሲሆን ዛሬ ዋነኛ መኖሪያው ኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ነው። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ በየካምፑ ተጨናንቀው በነበሩ ወታደሮች ላይ በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሊቢያ በኩል ተሰቃይተው አውሮፓ በደረሱ የአፍሪካ ቀንድ ወጣቶች ላይ ተገኝቷል። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት ያላዩት በሽታ ነበር።

አሁን የምጽፈውን እባካችሁ አስተውሉ። ይህ በሽታ በዋናነት የሚተላለፈው በንክሻው አይደለም። ተህዋሲው ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ነው፤ የሚወጣውም ቅማሉ ሲፈርጥ ነው። በማከክ በተላጠ ቆዳ፣ በዓይንና በአፍ በኩል ይገባል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መግደል፣ ይባስ ብሎም በጥርስ መስበር፣ በሽታውን በገዛ እጅ መቀበል ነው። እናቶች ለልጆቻቸው በፍቅር የሚያደርጉት ነገር ስለሆነ መናገሩ ይከብደኛል፤ ግን መቅረት አለበት።

ሌላም አለ። ቅማል የሚመቸው የጤነኛ ሰው ገላ ሙቀት ነው። ሰውየው ሲያተኩሰው ቅማሉ ትቶት አጠገቡ ወደተኛው ይሄዳል። ለታመመው አዝነን አብረነው በአንድ ጋቢ ስንተኛ የሚሆነው ይህ ነው።

ምልክቱ ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በድንገት ይጀምራል፦ ብርቱ ትኩሳት ከብርድ ብርድ ማለት ጋር፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም። አንዳንዱን ይነስረዋል፤ የአንዳንዱ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ከአምስት ስድስት ቀን በኋላ ትኩሳቱ በድንገት ይለቃል፤ ሰውየውም «አልሐምዱሊላህ ዳንኩ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ያገረሻል፤ ስሙም የመጣው ከዚሁ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ከያዛት ፅንሱ ሊወርድ ይችላል። ካልታከሙ 100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜ ከታከሙት ግን የሚሞቱት 5 ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት

ከመተማና ከሑመራ የቀን ሥራ የተመለሰ ወጣት ሲያተኩሰው ቤተሰቡ ቀድሞ የሚያስበው ወባን ነው፤ «የወባ ኪኒን ስጪን» ብለው ወደ ፋርማሲ ይመጣሉ። ወባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ለወባ የሚወሰደው የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያገረሽ ትኩሳትን ተህዋሲም ያሳያል፤ በተለይ ትኩሳቱ እያለ ከተወሰደ። ስለዚህ ምርመራው ይቅደም።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን፣ ብዙ ጊዜ አንድ መጠን ብቻ፣ ይበቃል። ታዲያ ለምን ከፋርማሲ ገዝተን አንውጥም? መድኃኒቱ በተወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተህዋሲዎቹ በብዛት ሲሞቱ ብዙ ሕሙማን በኃይል ይንቀጠቀጣሉ፣ ትኩሳቱ ይብስባቸዋል፣ ቀጥሎ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። በዚህ ሰዓት ሰው ሊሞት ይችላል። ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ ተኝቶ፣ ባለሙያ እየተከታተለው መታከም ያለበት ለዚህ ነው። እኔ ያለ ማዘዣ የማልሸጠው ስለጨከንኩ አይደለም።

ለባለሙያው «ቅማል ነበረብኝ» ማለትን አትፈሩ። በሑደይቢያ ዘመቻ ከዕብ ኢብኑ ዑጅራ (ረ.ዐ) ኢሕራም ላይ ሳሉ ቅማል ከራሳቸው ላይ ይረግፍ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አይተው እንዲላጩና ፊድያ እንዲያወጡ ፈቀዱላቸው፤ በሱረቱል በቀራም የዚህ ፍርድ ወረደ። ሶሓባ የደረሰበት ነገር እኛን የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ልብሱን እንዴት እናጽዳ?

ከላስታ ወደ የጁና ወደ ራያ ለቂርአት የሚወርዱ ደረሶች፣ እንደ ቆሎ ተማሪ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ፣ በጠባብ ቤት ተጠጋግተው ያድራሉ። ቅማል የሃይማኖት ልዩነት አያውቅም። የመስጂድ ኮሚቴዎችና አቅም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ለደረሶች ሰደቃ ስታስቡ ከእህሉ ጋር ሳሙና፣ አንድ ግማሽ በርሜልና ማገዶ ጨምሩላቸው፤ ለየራሳቸውም ጋቢ። ሁሉም በአንድ ቀን ልብሳቸውን ይቀቅሉ። አንዱ ከቀረ ሌሎቹ የደከሙበት ከንቱ ነው።

ማፍላት ከሁሉም ይበልጣል። የማይፈላውን በጋለ ካውያ ስፌት ስፌቱን መተኮስ ይቻላል። ይህም ካልሆነ ልብሱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ደም ያጣ ቅማል ከሳምንት በላይ አይቆይም። የእህል ተባይ ማጥፊያ ወይም ዲዲቲ ልብስና ገላ ላይ መነስነስ ግን አይገባም። ሕፃናት በመርዙ ይጎዳሉ።

ቅጫም ለመፈልፈል ከ6 እስከ 9 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ልብሱ ከታጠበ ከዐሥር ቀን በኋላ ብብቱንና አንገትጌውን ገልብጣችሁ ፀሐይ ላይ እዩት፤ አንድም ካገኛችሁ እንደገና ይቀቀል።