ከመስኮቱ የታየው ጨዋታ

የንባብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 26፥1-12

ዛሬ ስለ ትዳር እንማራለን። ስለ ፍቺና ስለ ትልልቅ ጠብ ብዙ ጊዜ ተምረናል። ዛሬ የምንነጋገረው በተራ ቀን፣ ማክሰኞ ማታ፣ ቤታችን ውስጥ ስላለው ኑሮ ነው።

ብዙዎቻችን እንዴት እንደምንኖር ታውቃላችሁ። ባል ከሌሊት ሥራ ሲገባ ሚስት መኪናዋን እያሞቀች ነው። በር ላይ የሚነጋገሩት፣ “ልጁ ሳል አለበት፣ መድኃኒቱን እንዳትረሳ፤ የመብራት ቢል ዛሬ ነው” ብቻ ነው። ሁለቱም የሚደክሙት ለቤታቸው ነው፤ ማንም ማንንም አልበደለም። ነገር ግን እያደር ባልና ሚስት መሆናቸው ይቀርና ኪራይ የሚጋሩ ሩምሜቶች ይሆናሉ።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ።

1. ወንድምና እህት መስለው ኖሩ

ይስሐቅ በጌራራ እንግዳ ነው። ከአገሩ ያስነሣው ረሃብ ነው። ርብቃ ውብ ስለነበረች በእርሷ ምክንያት እንዳይገድሉት ፈራና “እህቴ ናት” አለ። ብዙ ቀንም ሰው ሳያውቅባቸው ተቀመጡ። ምስጢሩ የወጣው ንጉሡ አቢሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ነው። ምን አየ? ይስሐቅ ከርብቃ ጋር ሲጫወት አየ። ወዲያው “ይህች ሚስትህ ናት” አለው።

የይስሐቅ ስም ትርጉሙ “ይስቃል” ማለት ነው። እዚህ “ሲጫወት” ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ቃልም ከዚያው “ሳቀ” ከሚለው ሥር የወጣ ነው። በዚህ ስፍራ የባልና የሚስትን መፈቃቀር ያሳያል። ይስሐቅ ስለ ፍርሃቱ የሚመሰገን አይደለም፤ ንጉሡም ወቅሶታል። ግን አስተውሉ፤ አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ባልና ሚስት መሆናቸውን አላሳወቀም። ያሳወቀው ጨዋታቸው ነው።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። አንድ ሰው የእኛን ቤት በመስኮት ቢያይ ምን ይላል? “እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው” ይላል? ወይስ “ወንድምና እህት ይሆናሉ” ብሎ ያልፋል? ሌላው ቢቀር ልጆቻችን በየቀኑ ያዩናል።

2. መቶ እጥፉን አልጠበቀም

ይስሐቅ በዚያች ምድር ዘርቶ መቶ እጥፍ ያገኘው በቁጥር 12 ላይ ነው። የተጫወተው በቁጥር 8 ነው። ከሚስቱ ጋር የሳቀው ገና ስጋት ላይ እያለ፣ ሀብቱ ሳይበዛ ነው። እኛ ግን ቀጠሮ እንሰጣለን፤ “ቤት ስንገዛ፣ ወረቀታችን ሲያልቅ፣ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ እንደሰታለን” እንላለን። ቤቱ ይገዛል፤ ሞርጌጁ ደግሞ ሌላ ሺፍት ያስጨምራል። ልጆቹ ይሄዳሉ፤ ሁለት እንግዳ ሰዎች ሶፋው ላይ ይቀራሉ።

3. እግዚአብሔር ይህን ደስታ አይንቅም

በዘዳግም 24፥5 አዲስ ያገባ ሰው ወደ ጦርነት እንዳይወጣ፣ አንድ ዓመት በቤቱ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ታዝዟል። ወታደር የሚያስፈልገው ሕዝብ ነው ይህን የታዘዘው! መክብብም በ9፥9 ከሚወድዷት ሚስት ጋር በደስታ መኖርን በድካማችን መካከል የተሰጠን ዕድል ፈንታ ይለዋል። ስለዚህ ከትዳር ጓደኛ ጋር መሳቅ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ከጌታ እጅ የምንቀበለው ስጦታ ነው። በአገልግሎት የተጠመድንም ይህን እንስማ።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ስንገናኝ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለቢልና ለልጆች ጉዳይ አንስጥ። ስልኩን እናስቀምጥና “እንዴት ዋልሽ? እንዴት ዋልክ?” ብለን መልሱን እንስማ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መቀመጥ አገር ቤት ቀረ እንላለን። እሺ፣ በረካው ይቅር። አንዲት አቦል አብረን እንጠጣ። ከምሳ ዕቃው ላይም ቢሆን አንድ ጉርሻ እንጎራረስ። ከመለያየታችን በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን አጭር ጸሎት እንጸልይ።

አንዳችሁ ዓረብ አገር፣ አንዳችሁ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ በሳምንት አንድ ቀን ስለ ገንዘብ የማይነሳበት ስልክ ይኑራችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዱላና ማስፈራራት ያለበት ቤት በቡና አይሸፈንም። እንዲህ ያለ ነገር ያለባችሁ ዝም አትበሉ፤ ደኅንነታችሁን ጠብቁ፣ እርዳታም ፈልጉ።

ለመወያያ፦ ባለፈው ሳምንት አብረን የሳቅነው መቼ ነው? ምን ነበር ያሳቀን?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ በእንግድነት አገር ስለሰጠኸን ጓደኛ እናመሰግንሃለን። ሥራችንን ባርክ፤ ሥራው ግን እርስ በርስ እንዳያስረሳን እርዳን። ከቤታችን የጠፋውን ሳቅ መልስልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።