ትምህርት 14፦ የአንድን ሥራ አሠራር የሚገልጽ ድርሰት

ባለፉት ትምህርቶች አንድን ቦታ በቃላት የሚሥል ድርሰትና አንድን ታሪክ የሚተርክ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት ደግሞ አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደ ተሠራ የሚገልጸውን ነው። ይህ ዓይነቱ ድርሰት ከሌሎቹ የሚለየው አንባቢው ያነበበውን ይዞ ሥራውን ራሱ ሊሞክረው ስለሚችል ነው። እንግዲህ አንድ ነገር ቢዘለል ወይም ያለ ቦታው ቢገባ የሚጎድለው የጽሑፉ ውበት ብቻ አይደለም።

የሚከተለው ምንባብ ስለ አንዲት አሮጌ የሸራ ጀልባ እድሳት ይናገራል። በጥሞና አንብቡት፤ በምታነቡበትም ጊዜ እያንዳንዱ ሥራ ከእርሱ በፊት በተሠራው ላይ እንዴት እንደ ተመሠረተ አስተውሉ።

ምንባብ፦ «ስፕሬይ» እንዴት እንደ ታደሰች

ጆሹዋ ስሎከም እ.ኤ.አ. በ1844 በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ተወልዶ ዕድሜውን በባሕር ላይ ያሳለፈ የመርከብ አዛዥ ነበር። የእንፋሎት መርከብ የሸራውን መርከብ እየተካ በሄደ መጠን እንደ እርሱ ያሉ አዛዦች ሥራ እያጡ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዓሣ ነባሪ ያድን የነበረ አንድ ሽማግሌ ወዳጁ ጥቂት ጥገና የምትፈልግ መርከብ ሊሰጠው ቃል ገባለት። ስሎከም በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ፌርሄቨን ሄዶ ስጦታውን ቢመለከት፣ ከባሕሩ ራቅ ካለ ሜዳ ላይ በድጋፍ የቆመችና ሸራ የለበሰች፣ እጅግ ያረጀች ጀልባ ሆና አገኛት። ስሟ «ስፕሬይ» ይባላል፤ ትርጉሙም የማዕበል ፍንጣቂ ማለት ነው። የአካባቢው ሰዎች ሊያፈርሳት የመጣ መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን ሊሠራት እንደ መጣ ነገራቸው።

ስሎከም መጥረቢያውን ይዞ በአቅራቢያው የነበረውን የኦክ ዛፍ ቆርጦ ጣለ። ከእርሱም የጀልባዋን የታች አውራ ግንድ አወጣ። ይህ ግንድ በጀልባዋ ሆድ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጋ አከርካሪዋ ነው። ቀጥሎም ለጎድኖቿ የሚሆኑ ለጋ ግንዶችን ጠርቦ፣ በእንፋሎት ሣጥን ውስጥ ከትቶ፣ እስኪለሰልሱ ድረስ አቆይቶ፣ በወፍራም ግንድ ላይ አጎበጣቸው፤ ቅርጻቸውን እስኪይዙም ድረስ እንደ ታሰሩ ተዋቸው። የጀልባዋ የፊት አፍንጫም ከዚሁ ከኦክ ተሠራ። ይህ እንጨት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ፣ በኪሊንግ ደሴቶች አጠገብ ከዛጎል ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ በእርሱ ላይ ግን አንድ ጭረት እንኳ አልታየበትም።

ጎድኖቹ ከተተከሉ በኋላ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የጥድ ሳንቃ ተለበጠባቸው። የሳንቃዎቹ ጠርዝ በውስጥ በኩል ብርሃን እስከማያሳልፍ ድረስ እርስ በርሱ የገጠመ ነበር፤ በውጭ በኩል ግን መድፈኛው የሚገባበት ጠባብ ክፍተት ተተወለት። ጫፎቻቸውም እንዳይላቀቁ በብሎን ታሰሩ። በጀልባዋ ውስጥ የገባው ብሎን በጠቅላላው አንድ ሺህ ያህል ነበር።

ስሎከም ከዚህ በኋላ የላዩን ወለል ሠርቶ በላዩ ሁለት ክፍሎች አቆመ፤ ትንሹ ለማብሰያ፣ ትልቁ ለመኝታ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ከወለሉ በታች፣ ለብዙ ወራት የሚበቃ ውሃና በጨው የቆየ ሥጋ የሚቀመጥበት ስፍራ ነበረ። አካሏ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ በሳንቃዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት በጥጥ መድፈን ጀመረ። አንዳንድ ተመልካቾች ጥጡ ተስቦ እንደሚወጣ ተናገሩ፤ እርሱ ግን ከመጀመሪያው እንዳሰበው በጥጡ ላይ ቃጫ ጠቀጠቀበት። ጥጡም አልወጣም። ከዚያም የታች አካሏን በመዳብ ቀለም፣ የላይ አካሏን በነጭ ቀለም ሁለት ሁለት ጊዜ ቀባ፤ መሪዋንም ገጥሞ በማግሥቱ ወደ ውሃ አወረዳት። ደቀሏ የተተከለው ከዚህ በኋላ ነው። ርዝመቷ 11 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ ከ4 ሜትር በላይ ነበር። ለዕቃ የወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ሲሆን፣ ጉልበቱ ደግሞ የ13 ወራት የራሱ ጉልበት ነበር።

ስለ ጉዞ ዕቃዋ ብዙ የሚነገር የለም፤ ጥቂት ነበርና። አንዲት የተጣለች ትንሽ ጀልባ አግኝቶ ከመካከሏ በመጋዝ ቆረጣት፤ የተቆረጠውንም በሳንቃ ዘጋው። ይህች ግማሽ ጀልባ ወደ የብስ መሸጋገሪያው፣ ልብስ ማጠቢያውና ገላ መታጠቢያ ገንዳው ሆነች። የመርከብ ሰዓቱን ለማስጠገን 15 ዶላር ቢጠየቅ እርሱን በቤት ትቶ፣ 1 ዶላር ተኩል የተባለችውን የቆርቆሮ ሰዓት መስተዋቷ ስለ ተሰበረ በ1 ዶላር ገዛ።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1895 ብቻውን ከቦስተን ተነሣ። በጉዞው መካከል በቦነስ አይረስ ደቀሏን 2 ሜትር ያህል አሳጠረው፤ በማጄላን ወሽመጥም በስተኋላዋ ሁለተኛ ትንሽ ደቀል ተከለላት። መሪዋ ታስሮ ብትለቀቅ ቀጥ ብላ ትሄድ ስለ ነበር፣ ወደ ኪሊንግ ደሴቶች በተጓዘባቸው 23 ቀናት መሪውን የጨበጠው ከ3 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከ46,000 ማይል በላይ ተጉዞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1898 ኒውፖርት ደረሰ። ዓለምን በጀልባ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ በዚህችው ጀልባ ብቻውን ሲወጣ እርሱም ጀልባዋም ዳግመኛ አልታዩም።

ማብራሪያ

ስለ ሳንቃዎቹ ጠርዝ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር እንደገና አንብቡት። ጸሐፊው «ሳንቃዎቹ በሚገባ ተጋጠሙ» ብሎ ቢያልፍ ኖሮ የተናገረው ሐሰት አይሆንም ነበር። ነገር ግን ይህን አንብቦ የሚሠራ ሰው ሳንቃዎቹን በውስጥም በውጭም አጋጥሞ መድፈኛው የሚገባበትን ስፍራ ይዘጋዋል፤ ጉድለቱንም የሚያውቀው ከባሕር ዳር ርቆ ውሃው ከእግሩ በላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ እንዲህ ባለ ድርሰት ውስጥ ከአንድ ሥራ ጋር የሚቀጥለው ሥራ የሚፈልገው ዝግጅት አብሮ ይጻፋል። «መድፈኛው የሚገባበት» የሚለው ሐረግ ገና ያልተሠራውን ሥራ አስቀድሞ እንደሚያመለክት ልብ በሉ። በአንጻሩ የደቀሉ አተካከል በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ታልፏል። ሁሉን ነገር በእኩል ርዝመት መግለጽ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሰዋስው እንለፍ። የሥራን ተራ ለመግለጽ አማርኛ ያለው ዋና መሣሪያ ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ጠርቦ፣ ከትቶ፣ አቆይቶ… አጎበጣቸው» የሚለውን ተመልከቱ። ሦስቱ ቦዝ አንቀጾች ተራቸውን ጠብቀው ሲከተሉ «ከዚያ በኋላ» እያሉ መደጋገም አላስፈለገም። ነገር ግን እስቲ ይህን አንብቡ፦

ስሎከም እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ ጎበጠ።

የጎበጠው ማን ነው? ጸሐፊው እንጨቱን ማለቱ ነበር፤ የጻፈው ግን ስሎከምን አጎበጠው። «አለስልሶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ባለቤት ስሎከም ስለ ሆነ፣ ሌላ ባለቤት እስካልተጠራ ድረስ አንባቢው ማሠሪያ አንቀጹንም ለእርሱ ይሰጠዋል። ዓረፍተ ነገሩ «ስሎከም እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ አጎበጠው» ወይም «እንጨቱ በእንፋሎት ለስልሶ ጎበጠ» ተብሎ ይቃናል። የሁለቱ ግሶች ባለቤት የተለያየ መሆኑ ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ብትሉ ማንም አይሳሳትም፤ ሁለቱም ባለቤቶች በስማቸው ተጠርተዋልና።

ሌላው «እስከ» የሚለው መስተዋድድ ነው። «ጥቂት ጊዜ አቆይቶ» ማለትና «እስኪለሰልሱ ድረስ አቆይቶ» ማለት እጅግ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ለሠሪው ምንም አይነግረውም። ሁለተኛው ሥራው የሚያበቃበትን ምልክት ይሰጠዋል፤ እንጨቱ ወፍራምም ይሁን ቀጭን ምልክቱ አይለወጥም። «እንዳይላቀቁ» የሚለው አሉታዊ ግስ ደግሞ የሥራውን ምክንያት ያስረዳል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ብሎን ቢያጣ እንኳ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ለማሰብ ይችላል።

መልመጃ

1. ቀጥሎ ያሉት ዓረፍተ ነገሮች ማን ምን እንዳደረገ በግልጽ አያሳዩም። አቃንታችሁ ጻፏቸው።
ሀ. አናጢው ሳንቃውን ልጎ በጎድኖቹ ላይ ተመታ።
ለ. ቀለም ቀቢው ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ቀብቶ ደረቀች።

2. «ጀልባዋ ቀለም ተቀባች። ሳንቃዋ ተለበጠ። ክፍተቷ ተደፈነ። ጎድኖቿ ተተከሉ።» እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በትክክለኛው ተራ አስቀምጣችሁ፣ ቦዝ አንቀጽና «እስከ» እየተጠቀማችሁ በአንድ አንቀጽ ጻፏቸው። ባለቤቱን አንድ ሰው አድርጉት።

3. ስሎከም የጀልባዋን ክፍሎች ሁሉ አንድ በአንድ ቢለውጥም ስሟን አልለወጠም። አዲስ ጀልባ ሠራ እንበል ወይስ አሮጌዋን አደሰ? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩበት።

4. በአካባቢያችሁ ሲታደስ ያያችሁትን አንድ ነገር፣ ለምሳሌ የቤት ክዳን፣ ሽመና ዕቃ ወይም የጣና አካባቢ ተማሪዎች ከሆናችሁ ታንኳ፣ መርጣችሁ አሠራሩን አንድ ገጽ በሚሆን ድርሰት ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት፤ ወረቀቱን እየተመለከተ ምን ምን እንደሚያደርግ በቃል ይንገራችሁ። የተደናገረበትን ስፍራ አስምሩበትና እንደገና ጻፉት።