በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንበር አይኑር

ቅዱስ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ በ13ኛው ምዕራፍ የአንጾኪያን መምህራን ሲቈጥር፥ የቆጵሮሱን በርናባስን፥ ጥቁር የተባለውን ስምዖንን፥ የቀሬናውን ሉክዮስን፥ ከሄሮድስ ጋራ ያደገውን ምናሔንንና የጠርሴሱን ሳውልን በአንድነት ይጠራቸዋል። አገራቸው ልዩ ልዩ ሲሆን ጾማቸውና ጸሎታቸው አንድ ነበረ። ደቀ መዛሙርትም በመጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉት በዚያች ከተማ ነው።

ይህ ሥርዓት በተረሳበት ስፍራ የሚሆነውን ከታሪክ እንመልከት። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1808 በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የባፕቲስቶች ጸሎት ቤት ጥቁሮች ምእመናን ከነጮቹ ተለይተው እንዲቀመጡ ቢደረግ፥ ይህን አንቀበልም ብለው ወጡ። የራሳቸውንም ጸሎት ቤት አቋቁመው አቢሲንያ ብለው ሰየሙት። በሃይማኖት ሥርዓት ከእኛ ቢለዩም፥ በተገፉ ጊዜ የአገራችንን ስም መጠጊያ አድርገው መምረጣቸው ለእኛ ክብርም ዕዳም ነው።

ይህን ዕዳ ለመክፈል የደከሙ አባቶች አሉ። በኋላ አቡነ ይሥሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማንደፍሮ በአሜሪካ ካገለገሉ በኋላ በ1970 ወደ ጃማይካ ሄደው፥ አያቶቻቸው በባርነት ወደዚያ የተጋዙትን ሰዎች አስተምረው አጠመቁ፤ ቅዳሴውንም በሚሰሙት በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሰሟቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ሙዱላ የጠምባሮ ከተማ ናት፤ በአካባቢዋም ዶንጋው፥ ከምባታው፥ ሀድያውና ወላይታው በጉርብትና ይኖራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ በዘመተ ጊዜ፥ በዚህ ወገን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከወታደሩና ከሰፋሪው ጋራ ተተከሉ። ገባሩም መሬቱን የወሰደበትንና ታቦቱን ያመጣውን አንድ ሰው አድርጎ ስላየ፥ ወንጌሉን የጌታው ገንዘብ አድርጎ ቈጠረው፤ ትምህርቱም በማይሰማው ቋንቋ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ከደጅ ቀረ። የጭሰኝነት ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሽሯል፤ በልብ ውስጥ የተዘረጋ ወንበር ግን በዐዋጅ አይሻርም። የኒው ዮርኩ ወንበር በዓይን ይታይ ነበር፤ በቋንቋና በንቀት የተሠራው ግን የተቀመጠበት ሰው እንኳ አያየውም።

ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን ወንጌሉ ከተነበበ በኋላ ስብከቱ በጠምባርኛ እንዲሰማ ይትጉ፤ የአገሩ ልጅ በአብነት ትምህርት ቤት ተምሮ ለዲቁናና ለቅስና ይብቃ፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ሲመረጥ ምግባሩ እንጂ ትውልዱ አይጠየቅ። ምእመናንም በሰንበቴና በጽዋ ማኅበር ጎረቤታቸውን ከፍ ባለው ስፍራ ያስቀምጡ። ሥጋውና ደሙ ለሁላችን ከአንድ መንበር ይሰጠናልና፥ በዚያ ፊት ሁለት ወንበር እንዳንዘረጋ የእግዚአብሔር ቸርነት ይርዳን፤ አሜን።