ጎመን በጤና
(ስለ አትክልትና ፍራፍሬ ጥቅም፣ አበሳሰልና አቀማመጥ)



አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ሲሉ የኖሩት ሥጋውና ቅቤው ቢታጣም ሰውነት ደኅና እስከ ሆነ ድረስ በጎመን መኖር ይቻላል ለማለት ነው። አባባሉ ስለ ጤና የሚናገረው እውነት ነው። ጎመንን ግን ብዙዎቻችን የችግር ጊዜ ምግብ፣ የክረምት ማለፊያ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ወጥ አድርገን እናየዋለን። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ጎመንና መሰሎቹ ራሳቸው ጤናን ከሚሰጡት ምግቦች መካከል መሆናቸውን፣ ጥቅማቸውም በአበሳሰልና በአቀማመጥ ጉድለት እንዴት እንደሚባክን ነው።

1ኛ. ችግሩ ምንድን ነው?

የቢቸናና የሞጣ አካባቢ የእህል አገር ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ይበቅላል። እንጀራ በሽሮ ወይም በክክ ወጥ ሲበላ ጉልበት ይሰጣል፤ ሰውነትንም ይገነባል። ስለሆነም ምግባችን መጥፎ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። የሚጎድለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ዐይንን፣ ድድን፣ ቆዳንና ደምን የሚጠብቁት ቪታሚኖች ናቸው። እነዚህ ደግሞ በብዛት የሚገኙት በአትክልትና በፍራፍሬ ነው።

ጓሮአችን ከክረምት እስከ ኅዳር ለምለም ነው። ከጥር በኋላ ግን ውኃ የማይጠጣው መሬት ይደርቃል፤ ጎመኑም ያልቃል፤ በገበያም ዋጋው ይወደዳል። ዐቢይ ጾም፣ ማለት 55ቱ ቀን፣ የሚውለው በዚሁ በደረቁ ወራት ነው። ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ጉበት ቪታሚን ኤ የሚሰጡ ምግቦች ቢሆኑም በጾም አይበሉም። እንግዲህ በዚያ ጊዜ ቪታሚኑ የሚገኘው ከጎመን፣ ከካሮትና ከዱባ ብቻ ሆኖ ሳለ እነርሱም የሚታጡት በዚያው ጊዜ ነው። ችግሩ ይህ ነው፤ መፍትሔውም በጥቅምትና በኅዳር የተረፈውን ለየካቲትና ለመጋቢት ማቆየት ነው።

ሕፃናት የጾም ግዴታ እንደሌለባቸው እናውቃለን። ሆኖም በብዙ ቤት ድስቱ ሁሉ የጾም ስለሆነ ለሕፃኑ ብቻ ወተት ማፍላት፣ እንቁላል መቀቀል ይቀራል። ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ችግር ያስወግዳል። እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ስለ ጾማቸው የነፍስ አባታቸውን ማማከር ይገባቸዋል።

2ኛ. በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ምን አለ?

ሀ) ቪታሚን ኤ። ሰውነታችን ይህን ቪታሚን ከጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ውስጣቸው ቢጫ ከሆነ አትክልቶች ይሠራል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎና ፓፓያ ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው ዳፍንት ነው። ቀን ደኅና የሚያይ ሕፃን ሲመሽ እየተደናበረ በእጁ መዳበስ ከጀመረ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ችላ ከተባለ ዐይኑ ደርቆና ቆስሎ እስከ መታወር ሊደርስ ይችላል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ እንክብልም ለዚሁ ነው።

ለ) ቪታሚን ሲ። በሎሚ፣ በብርቱካን፣ በዘይቱን፣ በቲማቲም፣ በተለይም በቃሪያ በብዛት ይገኛል። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ድዳቸው እየደማ ጉልበታቸው የዛለ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ በመክፈል ለየጥንዶቹ የተለያየ ነገር ሰጠ። ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ።

ሐ) ብረት ማዕድን። ለደም አስፈላጊ የሆነው ብረት በጤፍ፣ በጥራጥሬና በጎመን አለ። ነገር ግን ከእህልና ከቅጠል የሚገኘው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። በምግቡ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ወይም ቃሪያ አብሮ ቢበላ ይቀልለታል፤ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ግን ያግዱታል። ቡናው ይቅር አንልም፤ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ እንላለን።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ድንች ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

3ኛ. አበሳሰል

ብዙ ጊዜ ጎመኑ ይከተፋል፤ ከዚያ ይታጠባል፤ በብዙ ውኃ ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል፤ በመጨረሻም ውኃው ተጨምቆ ይደፋል። ቪታሚን ሲ በውኃ የሚሟሟ፣ በእሳትም የሚጠፋ ስለሆነ በዚህ አሠራር አብዛኛው ከሚደፋው ውኃ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የሚከተለውን እናድርግ፦

• ጎመኑ በሙሉ ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ በሚገባ ይታጠብ፤ የሚከተፈው ድስቱ ሲጣድ ይሁን።
• ውኃው ጥቂት ይሁን፤ ድስቱ ይከደን፤ ሲለሰልስ ይውጣ። የተረፈው ውኃ ወጥ ውስጥ ይግባ።
• ዘይት አይቅር። ቪታሚን ኤ የሚገኝበት ቢጫው ንጥረ ነገር ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በሚገባ አይገባም። ጥቂት የኑግ ዘይት ይበቃል።
• ሎሚው የሚጨመቀው ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው።
• ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ካልታጠበ የወስፋት እንቁላል ይዞ ይገባልና በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።
• ድንች ከነልጣጩ ይቀቀል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንች መርዝ ስላለበት አይበላ፤ መቀቀሉ መርዙን አያጠፋውም።

4ኛ. አቀማመጥ

አትክልትን የሚያበላሹት በዐይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው። እነርሱ ያለ እርጥበት አይራቡም፤ ብዙ ጨው፣ ብዙ ስኳርና ኮምጣጣ ነገርም አይስማማቸውም። ከዚህ በታች ያሉት ዘዴዎች ሁሉ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሀ) እንዲያው ማቆየት። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይባላል፤ አቀማመጡም እንደዚያው ነው። ዱባ በደንብ ከበሰለ በኋላ ከነእንጨቱ ተቆርጦ፣ ሳይጋጭና ሳይቆስል፣ በደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ ለወራት ይቆያል። ምንም ወጪ ስለሌለው ለጾሙ ወራት ከሁሉ የሚቀልል ስንቅ ይህ ነው። ድንች ግን ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል።

ለ) ማድረቅ። በጥቅምት ሰማዩ ሲጠራ ለጋው ጎመን ይታጠባል፤ አንጓው ይወጣል። በሚፈላ ውኃ ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል ተነክሮ ይወጣና በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይበርዳል። ከዚያ በሰፌድ ላይ ሳስቶ ይሰጣል፤ ዝንብና አቧራ እንዳይነካው በስስ ነጠላ ይሸፈናል። የሚደርቀው በጥላና በነፋስ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ቪታሚን ኤውን ያጠፋዋልና። በእጅ ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ሲሆን በደረቅና በሚገጥም ዕቃ ተከድኖ በጨለማ ይቀመጣል። ካሮትም በስሱ ተቆርጦ እንዲሁ ይደረጋል። ቪታሚን ሲው በአብዛኛው ይጠፋል፤ ከሌላው ግን ብዙ ይተርፋል።

በርበሬም በባዶ መሬት ላይ አይሰጣ፤ ክብደት እንዲጨምር ተብሎም ውኃ አይረጭበት። በእርጥብ በርበሬ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል፤ ይህም ጉበትን ይጎዳል፤ ቢቆላም ቢፈጭም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ሐ) በጨው ማቡካት። ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ተከትፎ ለ1 ኪሎ 25 ግራም ጨው፣ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ያህል፣ ይጨመርበታል። ውኃው እስኪወጣ ድረስ በንጹሕ እጅ ይታሻል። በሸክላ ወይም በጠርሙስ ዕቃ ተጠቅጥቆ በታጠበ ድንጋይ ይጫናል። ዋናው ነገር ጎመኑ ምንጊዜም ከውኃው በታች እንዲሆን ነው። በደጋው ብርድ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይኮመጥጣል። ሊጥ አቡክታ እንጀራ ለምትጋግር እናት ይህ እንግዳ ሙያ አይደለም።

መ) ማርማላታ። ኮክ ወይም ሌላ ፍሬ በእኩል ክብደት ስኳርና በጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይቀቀላል፤ ሲወፍር አስቀድሞ በተቀቀለ ጠርሙስ ትኩሱን ይታሸጋል። ስኳር ውድ ስለሆነ ይህ ፍሬው ሊበላሽ ሲል ብቻ የሚደረግ ነው።

ሠ) ማስጠንቀቂያ። ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል የማቆየትን ዘዴ ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ በ1810 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ቢሆንም ጎመን፣ ካሮት ወይም ባቄላ በጠርሙስ አሽጎ በቤት ማስቀመጥ አደገኛ ነው። እነዚህ ኮምጣጣ ስላልሆኑ ገዳይ መርዝ የሚያወጣ ተሕዋስ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ሊራባ ይችላል። እርሱን ለመግደል ከ116 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህም የሚገኘው በግፊት በሚቀቅል ልዩ ዕቃ ነው። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው በእኛ ድስት ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የተመረዘው ምግብ ሽታውም መልኩም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ እነዚህን እናድርቃቸው እንጂ አናሽጋቸው።

5ኛ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ወጣቶች ሆይ! ድስቱን የምትጥደው እናታችን ወይም እኅታችን ናት፤ ጓሮውን መቆፈር፣ ውኃ መቅዳትና ሰፌዱን ከዶሮና ከፍየል መጠበቅ ግን የሁላችንም ሥራ ነው። የእጅና የዕቃ መታጠቢያው ውኃ እንዲያው ከሚደፋ ወደ ጎመኑ ሥር ቢፈስስ ጥቂት መደብ እስከ ሚያዝያ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ታላላቆቻችንንም ስንመክር «እማማ፣ እስቲ ዛሬ ውኃውን ሳንደፋው እንሞክር» ብለን በትሕትና እንጂ ያወቅን መስሎን በመንቀፍ አይሁን። ቤተሰቡ የሚያምነው ቀምሶ ሲወደው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ በየካቲትና በመጋቢት የሚበላው አትክልት ምንድን ነው? ከየትስ ይገኛል?
2. ዳፍንት የያዘውን ሕፃን በምን ታውቃላችሁ? ምንስ ታደርጋላችሁ?
3. ጎመን በጥላ እንጂ በፀሐይ የማይደርቀው ለምንድን ነው?
4. በዚህ ዓመት ከጓሮአችሁ ለጾሙ ወራት ልታቆዩ የምትችሉት ምንድን ነው? ቆጥራችሁ ጻፉና በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ።